ከፍ የተደረገ ላንድክሩዘር መሪ አስተካከል፦ የመሪ አሞርዛቶር ከመግዛት በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

ክረምት ሲገባ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ወደ ቁንዝላ ወይም ወደ ደልጊ የሚመላለስ ሰው መኪናውን ከፍ ለማድረግ የሚያስብበት ምክንያት አያከራክርም። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ፣ ጥቁሩ መረሬ አፈርም ውኃ ጠጥቶ ጎማ ሲይዝ፣ ሆዱ ለመሬት የቀረበ መኪና መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ባሌስትራ ይጨመራል ወይም ረዘም ያለ ሞላ ይገባል፤ ቁመቱና ስፋቱ የበለጠ ጎማም ይታሰራል። መኪናው ጭቃውን በእርግጥ ይሻገራል። ሆኖም ውኃው ጎድሎ ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ፍጥነት ሲጨምሩ መሪው ወደ መሃል አልመለስ ይላል፣ መኪናው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይቅበዘበዛል፣ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ሲመታም የፊት ጎማዎቹ በኃይል መርገፍገፍ ይጀምራሉ።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ባለንብረት መጀመሪያ የሚገዛው የመሪ አሞርዛቶር፣ ማለትም መንገዱ ወደ መሪው የሚልከውን ምት የሚያለሰልሰውን ዕቃ ነው። ይህ መመሪያ የሚያስረዳው አሞርዛቶሩ የመጨረሻው ዕቃ መሆን ያለበት ለምን እንደሆነና ከእሱ በፊት ምን ምን ሥራ በቅደም ተከተል መሠራት እንዳለበት ነው። እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባደረግሁት ፒክአፕ ነው። ሐሙሲት ሳልደርስ መርገፍገፍ ጀመረኝ፤ አንድ ጋራዥ ጠንካራ አሞርዛቶር አሰረልኝ፤ ችግሩም ለሦስት ወር ያህል ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሲመለስ ከበፊቱ የከፋ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ ሦስት ወር ውስጥ የላላው መገጣጠሚያ ድምፁ ታፍኖ ሲበላ ቆይቶ ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ልጆቼ ያን ቀን የነበራቸውን ፊት አልረሳውም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያ መንገድ እንዳያልፍ ከልብ ስለምፈልግ ነው።

መመሪያው የትኛውን መኪና ይመለከታል

በዋናነት የሚመለከተው የፊት አክስላቸው ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ የሆነውን መኪናዎች፣ በተለይም የ70 ተከታታይ ቶዮታ ላንድክሩዘርን ነው። ይህ መኪና ለገበያ የቀረበው በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ረጅሙና ለሥራ የሚውለው ዓይነት እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ ከፊት በባሌስትራ የቆመ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የፊቱ በሞላ ተተክቷል። የእርስዎ መኪና ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ተንበርክከው ይዩ፤ የማስተካከያው መንገድ በዚህ ይለያያልና።

ሃይሉክስ የያዘ ሰው ግን መንገዱ ሌላ ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት ሃይሉክሶች የፊት ጎማዎቻቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱና መሪያቸውም በጥርስ ዘንግ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች ከተጻፈው ውስጥ የሚጠቅማቸው የምርመራው፣ የጎማውና የመጨረሻው ሙከራ ክፍል ብቻ ነው። እነሱን ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማድረግ የመሪ ዘንጎቹንና ጎማ የሚያዞሩትን ጆይንቶች ከተሠሩበት ማዕዘን ስለሚያወጣቸው፣ በዚያ ልክ መቆም ይሻላል።

ለመግባባት ያህል የአካላቱን ስም አንድ ጊዜ ላስቀምጥ። ከመሪ ሳጥኑ ሥር ወጥቶ የሚወዛወዘው አጭር ክንድ ፒትማን ይባላል። ከፒትማኑ ተነሥቶ ጎማው ወደሚታጠፍበት አንጓ የሚሄደው ዘንግ ድራግ ሊንክ ነው። ሁለቱን የፊት ጎማዎች እርስ በርስ የሚያስተሳስረው ረጅሙ ዘንግ ታይሮድ ነው። በሞላ በቆሙት መኪናዎች ላይ ደግሞ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያስረው ፓናርድ የሚባል ዘንግ አለ፤ በባሌስትራ በቆሙት ላይ ይህን ሥራ ባሌስትራው ራሱ ይሠራል።

አንደኛ፦ ቸርኬውን ይጠቡ፣ ጎማውን ይዩ

ይህ እርምጃ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ያልፈዋል። መረሬ ጭቃ በቸርኬው የውስጥ ጎን ተጋግሮ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሚዛኑን ያጣ ጎማም አስፋልት ላይ ሲወጣ ልክ መሪ እንደተበላሸ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ የአራቱንም ቸርኬዎች ውስጣቸውን በውኃና በእንጨት ፈልቅቀው ያጽዱ፣ ጎማዎቹን ባላንስ ያሠሩ፣ የግራና የቀኙን ንፋስ እኩል ያድርጉ። ወደ ውጭ በጣም የወጣ ቸርኬ ካሰሩም ይወቁት፤ ጎማው ከሚታጠፍበት መስመር በራቀ ቁጥር እያንዳንዱ ድንጋይ መሪውን የሚመታበት ጉልበት ይጨምራል፤ ይህንንም የትኛውም አሞርዛቶር አይመልሰውም።

ሁለተኛ፦ የላላውን ይፈልጉ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ሥራ ይህ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ረዳትና ደረቅ፣ ሜዳ የሆነ ቦታ ብቻ ነው። መኪናውን በክሪክ አያንሡት፤ ክብደቱ በአራቱም ጎማ ላይ እንዳረፈ ይሁን። ሞተሩ ይነሣ፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የኋላ ጎማዎቹም በድንጋይ ይታገዱ። ረዳትዎ መሪውን ከመሃል አንድ መዳፍ ያህል ወደ ግራ፣ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ቀኝ ሳያቋርጥ ያወዛውዝ፤ እርስዎ ደግሞ ከፊት በኩል ተኝተው በእጅዎ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ እየዳሰሱ ይከታተሉ። ጣትን በሁለቱ ብረቶች መገናኛ ላይ አግድሞ ማሳረፍ ዓይን የማያየውን ልልነት ያሳያል።

ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ይሂዱ። በመጀመሪያ የመሪ ሳጥኑ ራሱ በሻንሲው ላይ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ይዩ፤ ትልቅ ጎማ የታሰረበት መኪና የሳጥኑን ቡሎኖች ያላላል፣ አንዳንዴም በቡሎኖቹ ዙሪያ ያለውን ሻንሲ ይሰነጥቃል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሊሆን ስለሚችል ቦታውን በቤንዚን አጥበው፣ ቤንዚኑ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ በባትሪ ብርሃን ይመርምሩት። ከዚያ የፒትማኑን ዘንግ ይዩ፤ መሪው ሲወዛወዝ መዞር ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ የሳጥኑ ውስጥ ተበልቷል ማለት ነው። ቀጥሎ የድራግ ሊንኩና የታይሮዱ ጫፎች አሉ፤ በእነዚህ ላይ የሚታይ ማንኛውም ወደ ጎን የሚሄድ ልልነት ዕቃው እንዲቀየር በቂ ምክንያት ነው። በመጨረሻ የፓናርዱ ሁለት ጎሚኒዎች፣ ማለትም በጫፎቹ ቡሎኖቹን የሚያቅፉት ላስቲኮች፣ ይታያሉ። በልምዴ ከፍ ተደርጎ የሚረገፈግፍ ላንድክሩዘር ላይ ከመሪው አካላት ሁሉ ይልቅ ጥፋቱ የሚገኘው እዚህ ጎሚኒ ላይ ነው፤ ሰውም የሚያየው በመጨረሻ ነው።

በመሪ ሳጥኑ አናት ላይ ያለችውን ማስተካከያ ቡሎን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሳጥኑ ጥርሶች በጣም የሚቀራረቡት መሪው ልክ መሃል ላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ቡሎኗ የምትጠብቀው ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳለ ብቻ ሲሆን፣ ከሩብ ዙር ባነሰ መጠን እየተሞከረ ነው። ጎማው ታጥፎ ሳለ ካጠበቋት መሃል ላይ ሲመለስ ጥርስ በጥርስ ይጫናል፤ ሳጥኑም በአጭር ጊዜ ይበላል።

አሁን የፊቱን በክሪክ ያንሡና በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ልልነት ከተሰማዎ ረዳትዎ ፍሬን ይርገጥ፤ ሲረግጥ ከጠፋ ልልነቱ የጎማው ኩሺኔታ ነው፣ ካልጠፋ ደግሞ የአንጓው የላይና የታች ኩሺኔታዎች ናቸው። እነዚህ ሁለቱ የአንጓ ኩሺኔታዎች ሲሠሩ በቀጫጭን ብረቶች ተመጥነው በመጠኑ እንዲጫኑ ይደረጋሉ፤ ይህ ጭነት ሲጠፋ ጎማው ያለ ምንም ተቃውሞ ይወዛወዛል። ጭነቱ የሚለካው ታይሮዱና ድራግ ሊንኩ ከአንጓው ከተፈቱ በኋላ የአንጓውን ክንድ በተንጠልጣይ ሚዛን በመሳብና አንጓው መዞር የሚጀምርበትን ኪሎ በማንበብ ነው። እዚህ ጣና ዳር ዓሣ የሚመዝኑበት ባለ መንጠቆ ሚዛን ለዚህ ሥራ በትክክል ያገለግላል። የተነበበው ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ ቁጥር ጋር ይነጻጸራል፤ ግራና ቀኙም ተቀራራቢ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፦ ካስተርን መመለስ

ካስተር ማለት ጎማው የሚታጠፍበት መስመር ከላይ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው። መሪውን ሲለቁት ወደ መሃል የሚመልሰው ይህ ዝንባሌ ነው። በሞላ በቆመ ላንድክሩዘር ላይ አክስሉ ከሻንሲው ጋር የተያያዘው በሁለት ረጃጅም ክንዶች ስለሆነ፣ መኪናው ከፍ ሲል ክንዶቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ፣ አክስሉንም ይዘው ወደ ፊት ያዞሩታል። አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ክንድ ጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ 3 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ ፋብሪካው የሚሰጠው ካስተርም በ3 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ብቻውን የመሪውን መመለስ ከሞላ ጎደል ሊያጠፋው እንደሚችል ከዚህ ስሌት ይታያል።

ሞላውን ገና ካልቀየሩ ዛሬውኑ በአክስሉ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ቦታ መርጠው፣ በቀለም ምልክት አድርገው፣ የማዕዘን መለኪያ ወይም የስልክዎን የዝንባሌ መለኪያ አስቀምጠው ቁጥሩን ይጻፉ። ከተቀየረ በኋላ በዚያው ምልክት ላይ፣ በዚያው ሜዳ ላይ ደግመው ይለኩ፤ ልዩነቱ የጠፋብዎት ካስተር ነው። የሚመለሰውም በክንዶቹ ላይ ቀዳዳቸው ከመሃል የራቀ ጎሚኒ በማስገባት ነው፤ የጠፋው ከዚያ ከበለጠ የክንዶቹን ማሰሪያ ዝቅ የሚያደርግ ብረት ይታሰራል።

በባሌስትራ የቆመ ከሆነ በባሌስትራውና በአክስሉ ማረፊያ መካከል ሽብልቅ ብረት ይገባል። ወፍራም ጎኑ በየት በኩል ይሁን የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል። ባሌስትራው ከአክስሉ ሥር የሚያልፍ ከሆነ ወፍራሙ ጎን ወደ ፊት፣ ከአክስሉ በላይ የሚያልፍ ከሆነ ወፍራሙ ጎን ወደ ኋላ ይሆናል። የባሌስትራውን ማንጠልጠያ በማስረዘም ብቻ ከፍ ማድረግን አልመክርም፤ ባሌስትራውን አዘንብሎ ካስተርን ይለውጣል፣ ወደ ጎንም ልልነት ይጨምራል።

ካስተር ሲጨመር የዲፈረንሻሉ አፍ ወደ ታች እንደሚያይ አይርሱ። የፊቱን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ክሮቼራ፣ ማለትም እየዞረ የሚታጠፈው መገጣጠሚያው፣ ከማዕዘኑ በላይ ከታጠፈ በአራት ጎማ ሲነዱ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ የጠፋውን መመለስ እንጂ ከዚያ በላይ መጨመር ትርፍ የለውም።

አራተኛ፦ ፓናርድና ድራግ ሊንክ አብረው ይሂዱ

መኪናው ጉድጓድ ሲገባና ሲወጣ ፓናርዱም ድራግ ሊንኩም እያንዳንዳቸው ቅስት ይስላሉ። ሁለቱ ትይዩ ከሆኑና ርዝመታቸው ከተቀራረበ ቅስቶቹ አንድ ይሆናሉ፤ አክስሉ ወደ ጎን ሲሄድ መሪውም አብሮት ይሄዳል፣ ጎማውም አይታጠፍም። አንዱ አግድም፣ ሌላው ቁልቁል ከሆነ ግን ሹፌሩ ሳይነካው መሪው በራሱ ይዞራል። መኪናው በየጉድጓዱ ወደ አንድ ጎን የሚዘልበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

በመጀመሪያ አክስሉ መሃል መሆኑን ይለኩ። የግንበኛ ቱምቢ ከግራና ከቀኝ ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ያንጠልጥሉና ከክሩ እስከ ጎማው ጎን ያለውን ርቀት ይለኩ። መኪናው ከፍ ሲል ፓናርዱ አክስሉን ወደ ሻንሲው ማሰሪያ ጎን ይስበዋል፤ ልዩነቱ የሚስተካከለውም ርዝመቱ በሚጨመርና በሚቀነስ ፓናርድ ነው። ከዚያ ከመኪናው ፊት ቆመው የሁለቱን ዘንጎች ዝንባሌ ያወዳድሩ። ገበያ ላይ ያለውን ወደ ታች የተጎነበሰ ፒትማን ብቻውን ማሰር ድራግ ሊንኩን አግድም ቢያደርግም ፓናርዱን እንደተዘነበለ ስለሚተወው ሥራውን ያባብሰዋል፤ በተጨማሪም የሳጥኑን ዘንግ በረጅም ክንድ ስለሚጠመዝዘው ዕድሜውን ያሳጥራል። በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሁለቱም እኩል ካዘነበሉ ፒትማኑን አይንኩት። መንካት ግድ ከሆነ ደግሞ ከመፍታትዎ በፊት ዘንጉና ክንዱ ላይ የሚገጣጠም ምልክት ያድርጉ፣ በመዶሻ ሳይሆን በመንቀያ ያውጡት፤ በመዶሻ መምታት የሳጥኑን ውስጥ ይጎዳል።

በዚሁ አጋጣሚ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹን ይዩ። ጎማው ወደ ታች ተንጠልጥሎ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ቱቦው ከተወጠረ መኪናው ከግቢ አይውጣ።

አምስተኛ፦ ታይሮዱን ማጠንከር

የፋብሪካው ታይሮድ ለፋብሪካው ጎማ ልክ ነው። ትልቅ ጎማ አስረው ድንጋያማ ዳገት ላይ ጎማውን ከድንጋይ ጋር ሲያጋፉት ይጎብጣል፤ መጉበጡንም በክር ወጥረው ማየት ይቻላል። የጎበጠን ታይሮድ በእሳት አሙቆ ማቅናት ወይም በላዩ ላይ ቱቦ በየዳ መለጠፍ በየጋራዡ የሚሠራ ቢሆንም እኔ አጥብቄ የምቃወመው ነው። ሙቀት ያገኘ ብረት ጥንካሬውን ይለውጣል፤ ይህ ዘንግ ደግሞ ሲሰበር ሁለቱ ጎማዎች በየፊናቸው ይሄዳሉ። ወፍራም ግድግዳ ያለውና ለዚሁ የተሠራ ዘንግ ይግዙ። አሮጌ የታይሮድ ጫፍ ከሶማሌ ተራ ርካሽ ሆኖ ቢመጣልዎም አይቀበሉ፤ ሌላውን አካል አሮጌ መግዛት ይቻላል፣ ይህን ግን አይቻልም።

ሲያስሩ የአንዱ ጫፍ ጥርስ ቀኝ፣ የሌላው ግራ መሆኑን ያስተውሉ፤ ዘንጉን በማዞር ርዝመቱ የሚስተካከለው ስለዚህ ነው። ሁለቱ ጫፎች ወደ ዘንጉ የገቡበት ጥልቀት እኩል ይሁን። ዳዶው በመጽሐፉ ልክ ከጠበቀ በኋላ የመቆለፊያው ፒን ቀዳዳ ካልገጠመ ጥቂት ጨምረው ያጥብቁት እንጂ ፈጽሞ ወደ ኋላ አያላሉት።

የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል በጥቂቱ ጠበብ ማለታቸው፣ በባለሙያዎች አጠራር ቶ ኢን፣ የሚስተካከለው አሁን ነው። የእያንዳንዱን ጎማ መሃል በኖራ እያዞሩ መስመር ያስምሩበት፤ መኪናውን ወደ መሬት መልሰው ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ይግፉት። ከዚያ በአክስሉ ቁመት ልክ የሁለቱን መስመሮች ርቀት ከፊትና ከኋላ ይለኩ። የፊቱ ከኋላው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ማነስ ይበቃል። መሪው ራሱ ጠሞ ከቆመ በድራግ ሊንኩ ርዝመት እንጂ በታይሮዱ አያቅኑት። ሥራው ካለቀ በኋላ አላይመንት በማሽን ማስለካት ጥሩ ነው፤ ከዚህ በፊት ማስለካት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ስድስተኛ፦ አሁን አሞርዛቶሩ

እስከዚህ ድረስ የተሠራ መኪና ያለ መሪ አሞርዛቶር በቀስታ ሲነዳ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። አሮጌውን ፈትተው መኪናና ሰው በሌለበት ቦታ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳያልፉ ይሞክሩት፤ ከረገፈገፈ ወደ ሁለተኛው እርምጃ ይመለሱ። የአሞርዛቶሩ ሥራ ድንጋይና ጉድጓድ ወደ እጅዎ የሚልኩትን ምት ማለስለስ ነው፤ በተለይ በጠጠር መንገድ ረጅም ሲነዱ ክንድን ያሳርፋል።

ለጎማ የተሠራውን ተራ አሞርዛቶር አግድሞ ማሰር ስሕተት ነው። ባለ ሁለት ቱቦው ዓይነት ቆሞ እንዲሠራ የታሰበ በመሆኑ ሲጋደም አየር ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ሲገፋና ሲሳብ የሚሰጠው ተቃውሞም እኩል አይደለም። የመሪው ግን በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ሊቋቋም ይገባል፤ ሲገዙ በእጅዎ ገፍተውና ስበው ይሞክሩት፣ መሃል ላይ ባዶ ቦታ ከተሰማዎ ይመልሱት። በጋዝ የተሞላው ዓይነት ከሆነ ተጭኖ ሲለቀቅ በራሱ ይወጣል፤ ይህ ግፊት መኪናውን ወደ አንድ ጎን ሊስበው ስለሚችል ለአንድ አሞርዛቶር ጋዝ የሌለውን እመርጣለሁ። ሁለት ከታሰሩ ግን ፊት ለፊት ተቃርነው ስለሚገፉ ግፊቱ ይጠፋፋል።

ሲያስሩት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳለ አሞርዛቶሩ ከጠቅላላ ጉዞው መሃል ላይ መቆም አለበት። ማሰሪያውን በጊዜያዊነት ይያዙና መሪውን እስከ ግራ መጨረሻ፣ ከዚያም እስከ ቀኝ መጨረሻ ያዙሩ። በሁለቱም ጫፍ ጎማውን የሚያስቆመው በአንጓው ላይ ያለው የመቆሚያ ቡሎን እንጂ አሞርዛቶሩ መሆን የለበትም፤ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያልተጠቀመበት ጉዞ ይቅርለት። ይህ ካልተጠበቀ አሞርዛቶሩ ይሰበራል፣ ወይም ከዚያ የከፋው፣ ታጥፎ መሪውን ይይዛል። አክስሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ከባሌስትራው ወይም ከዲፈረንሻሉ እንዳይነካካ ደግሞ ጎማዎቹን በየተራ በክሪክ እያነሡ ይዩ።

ሰባተኛ፦ ሙከራና ከዚያ በኋላ

ከተማው ውስጥ ባጃጁ፣ ብስክሌቱና እግረኛው ብዙ ስለሆነ ለሙከራ አይመችም። ማለዳ ከዘንዘልማ አልፈው ይውጡ፤ በ40፣ በ60፣ ከዚያም በ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደረጃ በደረጃ ይሂዱ። በእያንዳንዱ ፍጥነት መሪውን በቀላሉ ይዘው ቀጥ ብሎ መሄዱን፣ ከመታጠፊያ ሲወጡም በራሱ መመለሱን ያስተውሉ። መርገፍገፍ ቢጀምር ፍሬን በድንገት አይምቱ፤ ነዳጁን ለቀው መሪውን አጥብቀው ይያዙና ቀስ እያሉ ከመንገዱ ይውጡ። ከአስፋልት ውጭ ሲነዱ አውራ ጣቶችዎን ከመሪው ክብ ውጭ ያሳርፉ፤ ጎማ ድንጋይ ሲመታ የሚዞር መሪ ጣት ይሰብራል።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የነኩትን ቡሎንና ዳዶ ሁሉ ዳግመኛ ያጥብቁ፤ በተለይ የፓናርዱንና የመሪ ሳጥኑን። የጎሚኒ ቡሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ ሳለ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ፎገራ ላይ ከጎማው እምብርት በላይ የደረሰ ውኃ ያቋረጠ መኪና ሌላ ሥራም ይጠብቀዋል። በጉዞ የሞቀ አንጓ በድንገት ውኃ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝም በማኅተሙ በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። በአንጓው ላይ ያለችውን የግሪስ መሙያ ቡሎን ፈትተው በቀጭን ሽቦ ጥቂት ግሪስ ያውጡ። ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቷል፤ እንደ ዘይት ከቀጠነ ደግሞ የዲፈረንሻሉ ዘይት በውስጠኛው ማኅተም በኩል እያለፈ ነው። በሁለቱም ሁኔታ የአንጓው ኩሺኔታዎች ዝገው ያ በዓሣ ሚዛን የተለካው ጭነት ከመጥፋቱ በፊት፣ አንጓው ተከፍቶ መታጠብና በአዲስ ግሪስ መሞላት አለበት።